ወጡን ማን ይቅመሰው?

ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። በየአራት ዓመቱ ግን አንድ ጊዜ በ28 ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29ኙ ጽንሰት ተነሥታ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ትቆጥራለች፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች ቁጥሩ አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል፤ አዲሱም ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ይባላል። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው ይህ ቀላል ስሌት ነው። ጠላዋን፣ ዳቦዋን፣ ዶሮዋን በልማድ በ29 ልክ ሰፍራ ለተነሣች እናት ግን ከዋዜማዋ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተወሰደባት ማለት ነው።

1980 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በዓሉ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ። በአዲስ አበባ፣ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው አንድ ግቢ ውስጥ ትኖር የነበረች እናት ይህ ትዝ ያላት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ያውም አባት ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ «ከነገ ወዲያ በዓል ስለሆነ ነገ በጊዜ እንለቀቃለን» ሲል። አያት ከመደቡ ላይ ሆነው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «እኔማ ዘመኑ ዮሐንስ እንደሆነ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እናንተም የምታውቁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። እናት አልተቆጣችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና የቡሆ ዕቃ ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

የዚያ ቤት የመጨረሻ ልጅ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ስለ ገና ስትጠየቅ ስለ በዓሉ ቀን የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ስለዚያ ረቡዕ ግን እስከ ሽንኩርቱ ልጣጭ ድረስ ታስታውሳለች። አብረዋት ያደጉትም እንደዚሁ ናቸው። በበዓሉ ቀን እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ሁሉ ጥሩ ልብሱን ለብሶ ጥሩ ጠባዩን ያሳያል። የቤተሰብ ማንነት የሚታየው ዋዜማው ላይ ነው። ጊዜው ሲያጥር ማን ምን እንደሚችል፣ ማን ለማን እንደሚደርስ፣ ማን ሳይጠሩት እንደሚነሣ ይለያል።

ጠላው እንኳን ደርሶ ነበር። ጠላ አይቸኮልበትም። ጌሾው ተጠንስሶ፣ ብቅሉና የተቆላው ዱቄት ገብቶበት፣ ድፍድፉ በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ውስጥ ተከድኖ ቀናት መክረም አለበት። የዚህ ቤት ጋን ከሳምንት በፊት ተከድኖ ጥግ ይዞ ነበር፤ አያትም ጆሯቸውን አስጠግተው «ይናገራል፤ ደርሷል» ብለው ፈርደዋል። የቀረው ሌላው ሁሉ ነው። ዶሮ አልተገዛም፣ ሽንኩርት አልተላጠም፣ ስንዴው ወፍጮ ቤት አልደረሰም፣ ቄጤማ የለም፣ ስኳር የለም።

በዚያን ዘመን ስኳርና ሌላም ሸቀጥ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነበር የሚገኘው፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ ሰልፉ ግቢውን አልፎ መንገድ ይወጣ ነበር። የመሃሉ ልጅ፣ የ12 ዓመቱ፣ ረቡዕ ገና ሳይነጋ ኩፖኑን ጨብጦ ሄደ። ሲደርስ ከሰው የሚበልጡት ተራ የያዙ ድንጋዮች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ቤታቸው ሄደው እሳት ያያይዛሉ፣ ሊጥ ያያሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ልጁ ግን ድንጋይ አላመነም። እስከ ቀትር እግሩን እያፈራረቀ ቆሞ ስኳሩን ይዞ ሲመለስ እናቱ ግንባሩን ሳመችውና ስንዴውን አሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ሰደደችው። ያን ቀን ማንም ሁለቴ አልተቀመጠም።

አባት ወደ አዲሱ ገበያ የወጣው ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዋዜማ ከሰዓት በኋላ የዶሮ ዋጋ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ገዢም ሻጭም ፀሐይዋን እያዩ ይከራከራሉ። ገዢው ዶሮውን ብድግ አድርጎ በእጁ ይመዝናል፣ የደረቱን ላባ በትንፋሹ ገልጦ ቆዳውን ያያል፣ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አባት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የእርሳስ ፊደል ሲደረድር የሚውል ትዕግሥተኛ ሰው። ያን ቀን ግን ትዕግሥቱን ትቶ ሁለተኛ ዋጋ ሳይጠይቅ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ መጣ። አያት ደረቱን ዳብሰው «ጎሽ» ሲሉት፣ ጎልማሳው ሰው በደስታ ሳቀ።

ቢላዋ የሚይዘው ወንድ ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። አባት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በሥላሴ ስም ባረከ። የእሱ ድርሻ እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶቹ ነው፦ በፈላ ውሃ ነክሮ ላባ መንጨት፣ የቀረውን ፀጉር በእሳት መለብለብ፣ በ12 ብልት መገነጣጠል፣ እያንዳንዱን በሎሚና በጨው እያሹ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ። ከተሜው ይህን ሥራ እንደ ቀላል ነገር «ወጥ መሥራት» ይለዋል። ከላባው እስከ ድስቱ ቆጥሮ ለሚያውቅ ግን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ከሚሠራው አይተናነስም፤ ተገቢው ክብርም ተሰጥቶት አያውቅም።

የታኅሣሥ ብርድ ለዳቦ ጠላት ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት በዚህ ወር ይበርዳል፤ ቀጨኔ ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ነውና ነፋሱ ይብሳል። ሊጡ በአንድ ሌሊት ኩፍ ማለት የነበረበት ገና ከሰዓት ላይ መቦካቱ ነው። እናት የቡሆ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፤ አያትም ሊጡን እንዲያሞቁት አጠገቡ ተቀመጡ። ኮባው የመጣው ከጎረቤት ነው። ከጉራጌ የመጡ አንዲት እናት ከቤታቸው ጓሮ እንሰት ተክለው ነበርና በየበዓሉ ለግቢው ሁሉ ቅጠል ይቆርጡ ነበር። በዚያ ዓመት ሳይጠየቁ ሁለት ቅጠል በበሩ ሥር አስደግፈው ሄዱ። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ምጣዱ ላይ ተጋደመ፤ ከሥርም ከላይም እሳት ተደረገለት፤ ግቢው ሁሉ በተጠበሰ ኮባ ሽታ ተሞላ።

ሽንኩርት ሲላጥ ወሬ አይጠፋም። አያት የላስታ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳሉ ከመንደራቸው ተነሥተው ወደ ላሊበላ በእግራቸው ለገና የወረዱትን ጉዞ በየዓመቱ በሽንኩርት ሰዓት ይተርኩት ነበር። በላሊበላ በዓሉ እጥፍ ነው፤ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም የሚከበረው በዚያው ዕለት ነውና። ተሳላሚው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ከየአገሩ ይገባል፤ የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። በማለዳ ካህናቱና ደብተሮቹ ቤተ ማርያምን ከሚከብበው ዐለት አፋፍ ላይ ተደርድረው፣ ሌሎቹ ደግሞ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ ሽብሸባው ከላይም ከታችም ይንቀሳቀሳል። አያት ይህን ሲናገሩ ቢላዋውን ያስቀምጡና በእጃቸው ያሳያሉ። እናት «እማማ፣ ሽንኩርቱ!» ትላለች። አያት ቢላዋውን ያነሣሉ፣ ታሪኩን ግን አያቋርጡም።

ለአንድ ዶሮ የሚገባው ሽንኩርት ለባዕድ ሰው ቢነገረው አያምንም። ያ ሁሉ በጣም ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ፣ በራሱ ውሃ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይቁላላል። ከዚያ በርበሬው ይገባል። ከዚያ ሰዓታት። ጠብ ጠብ እየተደረገ ውሃ ይጨመርለታል፣ ይማሰላል፣ እንዳያርር ይጠበቃል። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ በየተራቸው ይገባሉ፤ ዶሮው ሥጋው ከመጠንከሩ የተነሣ ብዙ ይበስላል፤ የተቀቀለው እንቁላል መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ መከለሻው ከሁሉ በኋላ።

እዚህ ላይ ነው የገና ወጥ ከሌላ ቀን ወጥ የሚለየው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን፣ በሱፍ ፍትፍት ነው የከረመው። በዋዜማው ሌሊት ማድ ቤቱ በቅቤና በዶሮ ሽታ ሲታወድ፣ ድስቱን የምታማስለዋ ሴት ከአርባ ቀን በላይ ጾማ እንኳንስ ልትበላ ከማማሰያዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ልትልስ አትችልም። የዓመቱን ትልቁን ወጥ፣ ዘመድ ሁሉ የሚፈርደውን ወጥ፣ ሳትቀምስ ትሠራለች። ከዚህ የበለጠ የሙያ ፈተና በየትኛው የዓለም ማእድ ቤት እንዳለ እንጃ።

አያት በሽታው ያውቁት ነበር። ክዳኑን ከፈት አድርገው እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ይመልሱና «ጨው ይቀረዋል» ወይም «በቃ» ይላሉ። ባለሙያዎች ቀለሙንም ያያሉ፣ ቅቤው ከላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍም ያያሉ። እናት ግን በዚያ ሌሊት ሌላ ምስክር ፈለገች፤ የቸኮለ እጅ ሁለቴ ጨው ይጨምራል፣ ወይም ጭራሽ ይረሳል። ታናሺቱ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም።

«ሚጣዬ፣ ነይ እስቲ እጅሽን ዘርጊ።»

ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ፣ ዓይኗን በአንድ እጇ እያሸች፣ ሌላውን መዳፏን ዘረጋች። እናት ከማማሰያው ጫፍ ትኩሱን ወጥ እፍ ብላ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችላት። ማድ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ አያት፣ አክስት፣ ኮባ ያመጡት ጎረቤት፣ የስድስት ዓመት ልጅ አፍ አፍ ያዩ ጀመር። «ይጥማል» አለች። «ይጥማል አይደለም፤ ጨው?» ልጅቱ መዳፏን እንደገና ላሰች፣ አሰበች፣ «ትንሽ» አለች። እናት በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ጨመረች። ልጅቱ ያን ሌሊት የተሰማትን ክብር በሕይወቷ ብዙ ጊዜ እንዳላገኘችው ዛሬም ትናገራለች። ተመርቃለች፣ ተድራለች፣ ተሸልማለች፤ አራት ትልልቅ ሰዎች ቃሏን ጠብቀው እጃቸውን ያቆሙት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ሌላው ለማን ለማን እንደሚደርስ በየቤቱ ሕግ አለው። እናት በዚያ ሌሊት አንዱን መላላጫ ከአንድ እንቁላል ጋር በትንሽ ሸክላ ድስት ለይታ አስቀመጠች። ማንም ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ትልቁ ልጅ፣ 19 ዓመቱ፣ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር። ከወር በፊት ወደዚያ ለሚመለስ የጎረቤት ልጅ ዳቦ ቆሎና በሶ ተሰጥቶት ነበር፤ መድረሱን ግን የነገራቸው አልነበረም። በዚያ ዓመት ገና እንዲህ ያለ ትንሽ ድስት የተቀመጠው በዚያ ቤት ብቻ አልነበረም። በበዓል ሰሞን የዚያ ዘመን እናቶች ዓይን የሚቀላው በሽንኩርት ብቻ አልነበረም፤ ሽንኩርቱ ግን ሰበብ ሆኖላቸዋል።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት አይቻልም። ስለዚህ ቅዳሴ የሚሄዱት በጊዜ ሄደው ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ። እናት ድስቱን ከእሳት አውርዳ፣ አመዱን ጠርጋ፣ እግሯን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ለማረፍ አንድ ደቂቃ አላገኘችም። ሌሊቱን ቆማ አደረች። ጎሕ ሲቀድ ተመለሱ፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ድፎው በአባት እጅ ተቆርሶ፣ ጾሙ ተገደፈ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አያት ለእናት አጎረሷት። አላምጣ ስትጨርስ ዝም አለች፤ ከዚያ ወደ ታናሿ ልጅ ዞራ «ልክ ነሽ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ እንደ በዓል ቀን አለፈ። ወንዶቹ ልጆች ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ይዘው ሜዳ ወጡ፤ ሩሯን እያሯሯጡ ሲጯጯሁ ዋሉ። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ ከሚባለው ታሪክ የመጣ ጨዋታ ነው፤ በዚያ ቀን በጨዋታው ጌታና ሎሌ አይለይም፣ የተመታም አይቀየምም። ማታ ብዙ ጉልበት ቆስሎ ተመለሰ።

በማግስቱ ግን ዓርብ ነው። ገና ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል፤ ማግስቱ ግን ምሕረት የለውም፣ ጾሙ ይመለሳል። ከአርባ ቀን በላይ ጠብቀው አንድ ቀን በሉና ድስቱ ተከደነ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በርበሬውና ቅቤው የበዛ ወጥ በታኅሣሥ ብርድ ለቅዳሜ በደንብ ይደርሳል፤ እንዲያውም ያደረው ይጥማል የሚሉ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት እናት ትንሹን ድስት አወጣች። ከመድኃኔ ዓለም በኩል የመጣ አንድ የቆሎ ተማሪ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰምታ ነበር። መላላጫውንም እንቁላሉንም በእንጀራ አድርጋ ሰጠችው፤ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆመች።

በመጋቢት 1980 በሰሜኑ ግንባር የአፍአቤት ከተማ ወደቀች፣ እዚያ የነበረው የመንግሥት ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ ፈረሰ። ሬዲዮው ብዙም ሳይናገር ወሬው በሹክሹክታ ቀጨኔ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሦስት ገና ያለ ደብዳቤ አለፈ፤ ሦስቱንም ገና ትንሹ ድስት ተለየ። አያት በ1982 ዐረፉ። ልጁ የመጣው በ1983 ክረምት ነው፤ መንግሥት ተለውጦ፣ ከኤርትራ የተመለሰው ወታደር መንገዱን ሞልቶ በነበረበት ወቅት። የግቢው ውሻ አላወቀውም። እናቱ ግን ከበሩ ሳይገባ በእርምጃው ለየችው።

ቀጣዩ ገና፣ የ1984ቱ፣ ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። በዓሉ በ28 ዋለ፣ ማክሰኞ ቀን፤ ማግስቱም ረቡዕ። አሁን የሚያስታውስ አያት አልነበረም፤ እናት ግን ከእንቁጣጣሽ ጀምራ በልቧ ይዛው ነበርና ሽንኩርቱ በጊዜ ተላጠ፣ ዳቦው በጊዜ ተቦካ። ያልታሰበው ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ ደርሶ ማማሰያው ሲነሣ፣ ቤቱ ውስጥ የሚቀምስ አልተገኘም። ታናሺቱ አሥር ዓመቷ ሆኖ በኩራት የምትጾም ሆናለች። የጎረቤት ልጆችም አድገዋል። አያት የሉም፣ በሽታ የሚፈርድ የለም።

አንድ ሰው ግን ነበር። ትልቁ ልጅ ከግንባር የተመለሰው ሳንባውን ታሞ ነው። መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ሐኪሙም የንስሐ አባቱም ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ እንዲበላ ነግረውት ነበር። በሽተኛ ጾም የለበትምና ቤቱ ሲጾም እሱ ብቻ እያፈረ ይበላ ነበር። በተለይ በእናቱ ፊት መብላት ይከብደው እንደነበር እህቱ ታስታውሳለች፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ነበር የሚጎርሰው።

እናት ከማድ ቤቱ ተጣራች። መጣ። ጉልበቱን አቅፎ ምድጃው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለ። «እስቲ እጅህን ዘርጋ፤ ዘንድሮ ካንተ በቀር የሚቀምስልኝ የለም» አለችው። የ23 ዓመት ጎልማሳ መዳፉን ዘረጋ። ቀመሰ። «አልለየሁትም፤ ጨምሪልኝ» አለ። ጨመረችለት። እንደገና ቀመሰና «አሁንም አልለየሁትም» አለ። ሦስተኛ ጨመረችለት። በሩ ሥር ቆማ የምታየው እህት ወንድም ጋሼ ጨው መለየት አቅቶት እንዳልሆነ ያኔ ገባት፤ እናትም ገብቷታል፤ ማማሰያውን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠችና ጠብ እያደረገች አበላችው። በመጨረሻ «ምንም አይጎድለው» አለ። በዚያ ሌሊት ማንም ትንሽ ድስት አልለየም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ግቢው ፈርሶ ተሠራ፤ አባት ዐረፈ፤ የእንሰቱ ባለቤት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ታናሺቱ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትኖራለች። እዚያ አካባቢ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፣ በርበሬ በሻንጣ ከአገር ይመጣል፣ ኮባ ቢጠፋ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ከእስያዎቹና ከላቲኖቹ መደብር ይገኛል። የጎደለው ዋዜማው ነው። ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 በፈረንጆቹ አገር የሥራ ቀን ነው፤ ዋዜማውም እንደዚያው። ስንቱ ሰው ፈቃድ ለምኖ፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ወደ ምድጃ ገብቶ፣ በእንቅልፍ ልቡ ሽንኩርት ከትፏል።

የ2016ቱ ገና ግን እሑድ ዋለ። እንደገና ዘመነ ዮሐንስ፣ እንደገና ታኅሣሥ 28። ዋዜማው ቅዳሜ ነው፤ እንዲህ የሚመቸው ጥቂት ዓመት ነው። ሴትዮዋ በቨርጂኒያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ድስቷን ስትጥድ፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበርና እናትም በዚያው ደቂቃ ምድጃዋ ላይ ነበረች። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ አንዱ ማድ ቤት ሌላውን እያየ ሠሩ። እናት መብራት ቢጠፋ ብላ ከሰል አያይዛ ነበር፤ ልጅ ደግሞ በርበሬው ሲቁላላ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጮኾባት መስኮቱን ሁሉ ከፍታ በጃንዋሪ ብርድ ካፖርት ለብሳ ታማስላለች። «ዶሮው የታለ?» አለች እናት። ልጅቱ የተገዛውን እሽግ አሳየቻት፤ ጭን ብቻ ነው። እናት ዝም ብላ አየችውና «ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ወጡ ሲደርስ የዚያው የጥንቱ ጥያቄ መጣ። ትንሹ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀመሰና «ያቃጥላል» ብሎ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። ጨው ተባለ፣ ስኳር ተባለ፣ ለእሱ ሁሉም ያቃጥላል። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትጾማለች። ባል ይጾማል። እናት ከስልኩ ውስጥ «ጎረቤት የለሽም?» አለች።

ጎረቤት አለች። ፊት ለፊት ካለው በር ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ የእነሱ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ብዙ ጊዜ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ቤት ለቤት ገብተው አያውቁም። ትልቋ ልጅ ስፓኒሽ ትምህርት ቤት ትማራለችና አስተርጓሚ ሆና ተላከች። ሴትዮዋ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ግራ እየተጋባች መጣች። ጾም መሆኑን፣ ማንም እንደማይቀምስ ሲነገራት ሳቀች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ መዳፏን ዘረጋች። ማንም አላስተማራትም።

ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች እናት ከአዲስ አበባ፣ ፊቷን ስልኩ ላይ ለጥፋ።

«ጨው ትንሽ ይቀረዋል አለች፣ አያቴ። ሽንኩርቱ ግን በጣም ጥሩ በስሏል አለች።»

«ሽንኩርቱን አወቀች?» እናት ከወገቧ ቀና አለች። «እንግዲያማ ባለሙያ ናት። ነገ ከነልጆቿ ጥሪያት። ስሚ፣ ባዶ እጇን እንዳትሰጃት ደግሞ፤ ካሉት ጭኖች ትልቁን፣ ከእንቁላል ጋር።»

እሑድ ቀትር ላይ ሴትዮዋ ልጆቿን አስከትላ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳሕን ይዛ መጣች። በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ ነበር፤ እንዴት እንደሚበላ አሳየቻቸው፣ እነሱም እንዴት እንደሚጎረስ አሳዩአት። ልጆቿ በእንጀራ መብላት ከአንድ ጉርሻ በኋላ ለመዱ። እንቁላሉ ለሰባት ሰው አምስት ብቻ ስለነበረ የአራት ዓመቱ ልጅ የራሱን አስቀድሞ በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ እንግዶቹ ልጆችም ተከትለውት ገቡ።